የአራት አገር ዋንዛ

ባለፈው ሰሞን ከመርሳ ገበያ ስመለስ አንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ላይ እግሬ አልራመድ አለኝ። ሰውየው ዋንዛ እየላገ ነበር። ከመላጊያው ሥር እየተጠቀለለ የሚወጣው ፍቅፋቂ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሸፍኖታል፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ዋንዛ ሲላግ ምን ምን እንደሚል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ጣፈጥ ይላል፤ ዝናብ የነካው የገብስ ክምር ያስታውሳል፤ ትንሽም የማር ነገር አለበት። «አባባ፣ በር ነው አልጋ የፈለጉት?» አለኝ መላጊያውን አቁሞ። «ምንም አልፈለግሁ። ሽታው ነው ያቆመኝ» አልሁት። ሳቀና በርጩማ አቀረበልኝ። እኔም ተቀምጬ ቀረሁ። መንገድ ላይ ባጃጅ ይጮኻል፣ ሙዝ የጫነ ጋሪ ያልፋል፣ እኔ ግን መርሳ አልነበርሁም። ሲሪንቃ ነበርሁ፣ ያውም የድሮዋ ሲሪንቃ፣ ፀጉሬ ጥቁርና ጎፈሬ በነበረበት ዘመን።

የደን ዲፕሎማዬን ይዤ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ስቀጠር የነበረኝ ልብስ አንድ ካኪ ኮትና አንድ ቴትሮን ሱሪ ነበር። ሱሪውን ማታ ማታ ፍራሽ ሥር አስተኛዋለሁ፤ ጠዋት መስመሩ እንደ ቢላ ስሎ ይነሳል። ቅዳሜ ከሰዓት መርሳ ወርደን ሻይ በቦንቦሊኖ እንጠጣለን፤ ከሳንቲሙ ተርፎ ነጠላ ሲጋራ ይገዛል። የጊራና ብርቱካን በመደብ ተቆልሎ ይሸጣል፤ ሴቶቹ ልጠው በጨው ያቀምሱሃል፣ ሳትገዛ ብትሄድም አይቆጡም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ አምባሰል ነው። ባለቤቱ ካሴቱ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፣ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፤ ክሩ ከመደጋገም ብዛት ሳስቶ ማሲንቆው እንደ ንብ ይል ነበር። አዲስ ካሴት ያማረው ሰው ወልድያ ይወጣል። ጎንደር በር መታጠፊያው ላይ ባዶ ካሴት ተቀብሎ የሚቀዳ አንድ ባለ ሱቅ ነበር፤ አፉ ላይ ሁልጊዜ መፋቂያ አይለየውም። «ትዝታ ልቅዳልህ ወይስ የሚያስጨፍር?» ይላል። ትዝታ የሚያሰኝ ዕድሜ ሳይኖረን ሁላችንም ትዝታ እናስቀዳ ነበር።

አሰለፈች የመጣችው በዚያው ዘመን ነው። ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመደበች የደን ባለሙያ ነበረች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሱሪ ለብሳ፣ የወታደር የመሰለ ቡትስ ጫማ ተጫምታ፣ ፀጉሯን በሰማያዊ ሻሽ አሥራ ነበር። ሱሪ የለበሰች ሴት በሲሪንቃ አስፋልት ላይ ስትሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም፤ መንደሩ በሙሉ ወደ ደጅ ወጣ። በትከሻዋ አንድ ከረጢት አንግታለች። ልሸከምልዎ ብላት እምቢ አለች። ኋላ ስናየው ውስጡ የደረቀ የዋንዛ ፍሬ ነበር፣ ከተወለደችበት መንደር የለቀመችው።

«ዋንዛ እኮ እዚህም ሞልቷል» አልኋት። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው ዋንዛ ይዘው መጡ?»

«የኔና የናንተ ዋንዛ አንድ ይመስልሃል?»

«ዋንዛ ዋንዛ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን?»

«ሰውስ ሰው አይደል?» አለች። «ቆላ ሐራ ያደገውንና ደጋ ያደገውን ሰው እስቲ አንድ ላይ ብርድ ውስጥ አቁማቸው። አንደኛው ይንቀጠቀጣል፣ አንደኛው ኮቱን ያወልቃል። ዛፉንም አንድ መሬት ላይ አቁመን እንየው።» ከዚያ ሳቀችና «ደግሞ ይህ አንቱታ ይቅርብኝ፤ አያቴን አደረግኸኝ እኮ» አለች። አንቺ ለማለት ግን አንድ ክረምት ፈጀብኝ። እናቴ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው አንቱ እንድል አድርጋ ነበር ያሳደገችኝ።

ፍሬ ለቀማ የወጣንበት ወቅት ከሕይወቴ ሁሉ ያማረው ነው ብል ባለቤቴ ዘይነባ እንኳ አትቀየመኝም፤ ታሪኩን ከኔ አፍ ከመስማት ብዛት ከኔ በላይ ታውቀዋለች። በጣቢያው አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ሐራ ወረድን። ያኔ የባቡር ነገር በወሬም የለም፤ ሐራ ሙቀትና ግመል፣ ማሽላና አቧራ ነበረች። እዚያ ያገኘነው ዋንዛ አጠር ብሎ ግንዱ ጠመም ያለ፣ ቅጠሉ ትንሽና ወፍራም፣ በእጅ ሲዳስሱት እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ነው። በጋው ገና ሳይጠና ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። ከዚያ እዚሁ መርሳ ወንዝ ዳር ካለው ለቀምን። ከዚያ ደግሞ ከወልድያ በላይ በድልብ መንገድ ሽቅብ ወጥተን፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆነጥጥበት ገደል አፋፍ ላይ የበቀለውን አገኘን፤ ቅርፊቱ የወፈረ፣ እድገቱ የዘገየ፣ ዝናቡን ካልጠገበ ቅጠል ማውጣት የማይሻ ዛፍ። የዋንዛ ፍሬ ሙጫ አለው፣ ይጣፍጣልም። ዘሩን ለማውጣት መብላት ግድ ነው፤ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተቀምጠን እየመጠጥን ዘሩን በየከረጢቱ እንተፋለን። «የወልድያውን ከሐራው ጋር እንዳትደባልቅ፣ አፍህን ተጉመጥመጥ!» ትለኛለች። ከንፈራችን ተጣብቆ መናገር ያቅተን ነበር።

ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ሲወረድ ከመንገዱ በላይ ባለች ተረተር ላይ ተከልናቸው። አራት ረድፍ፦ የሐራ፣ የመርሳ፣ የወልድያ፣ የጎጃም። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጎጃሙ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ቅጠሉ እንደ ሳህን ሰፊና ለስላሳ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፤ አሰለፈች ሥሩ ቆማ እንደ ልጅ እናት ትኮራ ነበር። ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። የጎጃሙ ጫፍ ጫፉ ደረቀ፤ የሐራው ቅጠሉን ጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ዝናብ ሲመለስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። የወልድያው በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳያይ ያድጋል። አበባቸውም አንድ ቀን አይፈነዳም፤ አንዱ ሲያራግፍ አንዱ ይጀምራል፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ አንድ ላይ ነጭ ይሆናሉ። እኔ ማን ይበልጣል ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ ደግሞ «ጥያቄህ እሱ አይደለም» ትላለች። «አንድ ቦታ አድገው እንኳ የመጡበትን አገር ወቅት አልረሱም። የገረመኝ እሱ ነው።»

ዘመን ተገለበጠ፣ ሰው ተቀያየረ። አሰለፈች ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች። ለሙከራው ገንዘብ የሚሰጥ ጠፋና ተረተሯ ተረሳች፤ አጥሯ ወደቀ፣ ምልክቶቿ ዝገው ረገፉ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከልማድ የተነሳ እየሄድሁ አረም እነቅላለሁ፣ ፍየል አባርራለሁ። ዛፎቹ ወፍረው በሁለት እጅ አይታቀፉም። የአካባቢው ሰው ቦታዋን «አራት አገር» ይላት ጀመር። «ከብቶቹ የት ናቸው?» ሲባል «አራት አገር ሥር» ይባላል። አሰለፈች ለፋሲካም ለኢድም ትደውላለች፤ ስለ ጤናዬ ጠይቃ ሳትጨርስ ስለ ዛፎቹ ትጀምራለች።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ የማስታውሰው አስፋልቱን ነው። ከሰሜን፣ ከቆቦ በኩል፣ ሰው በእግሩ ይወርድ ነበር። ፍራሽ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች፣ ሽማግሌ የጫነ ጋሪ፣ በጉን በገመድ የሚጎትት አባወራ። ወልድያም ስትጨነቅ ሰዉ ወደኛ ጎረፈ። ትምህርት ቤቱ ሞላ፤ ከዚያ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ። ዝናቡ ደግሞ በዚያ ዓመት ማባሪያ አልነበረውም።

አንድ ጠዋት የሰፈራችን ሸህ እንድሪስ ጃንጥላቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«ሰይድ፣ የመጣሁት ለከባድ ነገር ነው።»

«ይናገሩ ሸሆቼ።»

«ትምህርት ቤት ላለው ሰው በቆሎ ተገኝቶለታል። የሚቀቅልበት ግን የለም። ትናንት ልጆች ጥሬውን ሲቆረጥሙ አየሁ። ዛሬ ደግሞ ዴስኩን እናንድደው እያሉ ነው።» መሬት መሬት አዩ። «ያንተ ዋንዛዎች ቅርብ ናቸው። መጥረቢያ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም ነበር። አንተ ሳትሰማ እንዳይነኩ ብዬ ከለከልሁ።»

ኮቴን ለበስሁና ወደ ትምህርት ቤቱ አብሬያቸው ሄድሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሀዋ የምትባል ከቆላው የመጣች ሴት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ለመውለድ ደርሳለች። ባሏ የት እንዳለ አታውቅም። ከፊቷ ሦስት ጉልቻ ተጎልቷል፣ ድስት ተጥዷል፤ ከሥሩ እርጥብ የማሽላ አገዳ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ውሃው ውስጥ እጄን ነከርሁ። ቀዝቃዛ ነበር።

«አባባ፣ ጭሱ ዓይንዎን ያጠፋብዎታል፣ ይውጡ» አለችኝ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ለኔ ዓይን አዘነች።

ከዚያ ወጥቼ ተረተሯ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር። ዛፎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ስልክ ቢኖር ለአሰለፈች እደውል ነበር። ብደውል ምን ትለኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ሸህ እንድሪስ መጥረቢያና መጋዝ የያዙ ሰዎች አስከትለው ሲመጡ «ከየረድፉ እኩል እኩል ነው የምንቆርጠው» አልኋቸው። «ደግሞ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ አግድም ሳይሆን ጋደል አድርጎ። ውሃ ጉቶው ላይ እንዳይተኛ።»

ሸሁ ተገረሙ። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ቀንም ሙከራ ላይ ነህ?»

«ሸሆቼ፣ አንዱ አገር ብቻ ለምን ይቀጣ?»

ከዚያ በፊት እንደዚያ የሳቁት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የመጀመሪያውን ዛፍ፣ የጎጃሙን፣ እኔው ራሴ ጀመርሁት። መጋዙ ሲገባ ያ ሽታ ወጣ። ቅርንጫፉን ሴቶቹ፣ ግንዱን ወንዶቹ ተሸከሙት። ደረቅ ደረቁን ለይተን አስቀደምን፤ እርጥቡን ፈልጠን ጣሪያ ሥር ደረደርነው። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ፣ በቆሎው ፈላ፣ ልጆች ጣሳ ይዘው ተሰለፉ። ሀዋ በሳምንቱ ውስጥ ወለደች፤ የታጠበችበት ውሃ ሞቅ ያለ ነበር። ሴት ልጅ ናት። እኔ ሳያት «አባባ፣ ያን ያህል ዘመን ያሳደጉትን ፈጀንብዎ» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ጉቶው አለ» አልኋት፤ ለሷ ማጽናኛ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቅም።

ወሩ ሳያልቅ ዛፎቹ አለቁ። ግንባሩም ደረሰ። ሀዋና ሌሎቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ሐይቅ በኩል በእግር ሄዱ። እኔና ዘይነባ አርጅተናል ብለን ቤታችን ቀረን። ከዚያ የሆነው ዝምታ ነበር። ከባድ መሣሪያ የሚያጓራበት ቀን ነበረ፤ እኔን የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። መኪና የለም፣ ራዲዮ የለም፣ ዘመድ መኖሩን የሚነግር የለም። ብርቱካኑ ዛፉ ላይ ብስል ብሎ ይወድቃል፤ የሚገዛ የለም። እኔ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲመስል ተረተሯ ላይ እወጣለሁ። እዚያ ብቻ ነበር አዲስ ነገር የሚሰማው። የጎጃሙ ጉቶ ቀድሞ አቆጠቆጠ። ዝናቡን አምኖ ሰፋፊ ለስላሳ ቅጠሉን ዘረጋ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመርሳው ተከተለ። የሐራው ድምፁን አጠፋ፤ ሞቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ወጣ፣ ነፋሱ ደረቅ ሆነ፣ የጎጃሙ ለጋ መጠውለግ ጀመረ። በጀሪካን ውሃ ልውሰድለት አልሁ፤ ዘይነባ «ለምንጠጣው እንኳ ወንዝ ወርጄ ነው የማመጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ በአንድ ደረቀ፣ ምስጥ ወጣበት። ኅዳር ላይ፣ ምድሩ ሁሉ አመድ ሲመስል፣ የሐራው ጉቶ ጎኑን ሰንጥቆ አንዲት ጥቅጥቅ ያለች፣ ሻካራ ቀንበጥ አወጣ። አጠገቧ ተንበርክኬ አልሐምዱሊላህ አልሁ።

ስልክ የተመለሰ ቀን መርሳ በሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ይጮኽ ነበር፤ የሚስቅም የሚያለቅስም አለ። የኔ ስልክ ስትጠራ አሰለፈች ናት።

«ሰይዶ! አለህ?»

«አለሁ።»

«ዘይነባስ?»

«አለች። ደህና ነን።»

እሷ ሳትጠይቀኝ ቀድሜ ነገርኋት። ስለ በቆሎው፣ ስለ ሀዋ፣ ስለ ቀዝቃዛው ውሃ። አንድም አልቀረም አልኋት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» አልሁ።

«እየሰማሁህ ነው» አለች። ከዚያ፣ ያችው የድሮዋ ባለ ቡትስ ጫማዋ ሴትዮ፣ «የትኞቹ አቆጠቆጡ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሀዋ ወደ አገሯ ስትመለስ አየኋት። ሰው ከላይ በጫነ አይሱዙ ላይ ሆና፣ መርሳ መታጠፊያው ላይ «አባባ ሰይድ!» ብላ ጮኸች፤ መኪናው ሳይቆም ልጇን በሁለት እጇ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሁለት ጥርስ አብቅላለች።

አሰለፈች የመጣችው ሁለተኛው ዙር ግጭት አልፎ፣ መንገዱ ሲረጋ ነው። ጉልበቷ ታሟል፣ በከዘራ ትሄዳለች፤ ሻሿ ግን ሰማያዊ ነው። ወደ ደሴ በሚሄድ መኪና ከሰዓት በኋላ እንድትመለስ ቦታ ይዛ ነበር። ተረተሯን ክንዴን ይዛ ወጣች። የሐራው ረድፍ ከወገብ በላይ ሆኗል። የወልድያው እንደ ጠባዩ ዘግይቶ ጀምሯል። የጎጃሙ ረድፍ ላይ ስትደርስ ከዘራዋን መሬት ላይ ጥላ በደረቀ ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

«መንደሬ የነበሩትም የሉም» አለች። «ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። ፍሬውን የለቀምሁበት ቦታ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል።»

አጠገቧ ቆምሁ። አፍንጫዋን ጠረገችና «ከነዚህ ሥር የበቀለ የለም? ፍሬው የት ገባ?» አለች። ፍሬውን ወፍና ጎርፍ ነው የሚወስደው አልኋት። «እንግዲያው ጎርፉ በሄደበት እንሂድ።»

በዚያ ጉልበቷ ወደ ፈፋው ወረድን። ከግራሩ እሾኽ ጀርባ፣ መጥረቢያም ፍየልም ያልደረሰበት ቦታ፣ ከኔ ቁመት የሚበልጥ የዋንዛ ለጋ ቆሟል። አሰለፈች እሾኹን በከዘራዋ ገፍታ አንድ ቅጠል ቀጠፈች። ሰፊ ነው፣ እንደ ሳህን። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ይሻክራል።

«የኔ ነው» አለች። «ስፋቱን እየው።»

«እስቲ ዳስሺው። የሐራ ነው። ውፍረቱስ?»

«እናቱ የኔ ናት አልሁህ! አበባቸው አንድ ላይ ነጭ የሚሆንበት ሰሞን ነበረ አይደል? ንቧ ናት የሠራችው።» ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አነሳችው። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። «አምስተኛ አገር፣ ሰይዶ። ይሄን ማንም አልተከለውም።»

«በጋውን ችሎ ይሆን?»

«ይኸው ቆሟል እኮ! ስንተኛ በጋው እንደሆነ ግንዱን አይተህ ንገረኝ።»

አጎንብሰን ግንዱን እያየን ስንከራከር ከላይ፣ ከአስፋልቱ፣ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የደሴው መኪና ነው፤ ሾፌሩ ከሷ ጋር ተነጋግሮ ስለነበር ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞ ነፋ።

«አሰለፈች፣ መኪናሽ።»

ከዛፉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። በዝግታ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች፣ የታመመ እግሯን ዘረጋች።

«ይሂድ» አለች። «ነገም መኪና አለ።»